ቀይ ክር ያልታሰረበት ሲናር

አያት፣ አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፌናን፤

የባሌ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ክረምት ሲመጣ ያኮርፈኛል እንጂ መስከረም ሲጠባ ይታረቀኛል።

«ስልክ ለምን አያነሱም?» ብለሽ በሀይደር ልከሽብኛል። አነሳለሁ እንጂ! አንስቼ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ከወዲያ የሚሰማኝ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ጆሮዬ ለስልክ ተዘግቷል። ደግሞ በስልክ «ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊያለሽ፤ በወረቀት ግን አንድ ገጽ ሳትሞዪ ማቆም ታፍሪያለሽ። ስለዚህ ሀይደር በባሌ መስመር አውቶብስ እስከነዳ ድረስ እንጻጻፋለን። የእናቱ የሐሚዳ ሱቅ እደጄ ላይ ነው፤ ደብዳቤ አይጠፋም።

«ሲናሩን ከገብሱ ለመለየት ያሰርኩበት ክር በቦታው አለ ወይ?» ላልሽው፣ አለ። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከገብሱ መሃል ቀይ ቀይ እያለ ይታየኛል። ሐሚዳ ያን ቀን ሌላ ቀለም ክር ቢኖራት ኖሮ ጥሩ ነበር፤ አሁን የሰፈሩ ሰው «ሸዋዬ ለአረም ማተብ አሰረች» እያለ ይስቅብኛል። የድሮ ጎረቤታችን ጋሽ ምልኬሳ በቀደም አጥሩን ተደግፈው፣ «አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲነቅለው የኖረውን ሲናር አንቺ ክር አስረሽ ታሳድጊዋለሽ?» አሉኝ።

እኔም አንቺ እንዳስጠናሽኝ ነገርኳቸው። «ዛሬ እህል የምንለው ሁሉ ድሮ ሣር ነበር። የዱር ሲናር ሲደርስ ፍሬውን እመሬት ላይ አራግፎ ይቀራል እንጂ ከሰው ጋር ወደ ጎተራ አይገባም። በጥንት ዘመን ግን ከገብስ ጋር አብሮ እየታጨደ ፍሬውን ይዞ መቆየት የለመደ ዘር ወጣ። ልጃችን ይህ እንዴት እንደሆነ በዓይኗ ልታይ ነው። ከመንገድ ዳር የለቀመችውን የዱር ሲናር ከገብስ ጋር ቀላቅላ ዘራች፤ በየዓመቱ አጭደን፣ ወቅተን፣ ከወቃነው ላይ መልሰን እንዘራለን። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመታችን ነው» አልኳቸው። ጋሽ ምልኬሳ ግን፣ «አረም ለማስተማር ሦስት ዓመት? ሲናርን ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ ፈጭተን በልተነዋል። ልብላው ብሎ የዘራው ሰው ግን አላየሁም» ብለው ሄዱ።

ስለ ጓሮው የጠየቅሽኝም እንደነገርኩሽ ነው። ከመንገዱ ማዶ እንዲፈርሱ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ቤቶች ሁሉ ፈርሰው አለቁ። የእኛም አጥር ተቀብቷል፤ ከአባታችን መሬት የቀረችን ይህች ቁራጭ መንገድ ያልፍባታል። ሰብሉ እስኪነሳ ታገሡን ብዬ ለምኛቸው እስከ ኅዳር ሰጥተውኛል። ከዚያ ወዲያ እንኳን ሲናር፣ እኔም የምቆምበት የለኝም።

ነገ ሰንዳፋ እሄዳለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ታማለች። ቁልፉን ለሐሚዳ እሰጣለሁ። አታስቢ።

አክስትሽ ሸዋዬ

*

ሮቤ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አክስቴ፣ ለአዳዳ፤

ሰንዳፋ እንዴት ነች? ታማሚዋስ ተሻላት? ጉልበትዎን በጭቃ እንዳያለፉት። እኔ እጅግ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም የምነግርዎት ነገር አለ!

ባለፈው በጋ ለጥናቴ ከባሌ ዋሻ ውስጥ፣ ከጥንት ሰዎች ምድጃ ቆፍረን ያመጣነውን አመድ እያጠብኩ ነው። አመዱን በባልዲ ውሃ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፤ አፈሩ ይዘቅጣል፣ የከሰለው ይንሳፈፋል። ተንሳፋፊውን በጨርቅ አጥልዬ፣ አድርቄ፣ በማጉያ መነጽር አያለሁ። እስከ ትናንት ያገኘሁት የእንጨት ከሰልና የአይጥ አጥንት ነበር። ትናንት ግን ገብስ አገኘሁ! ከሺህ ዓመታት በፊት አንድ ሰው ምድጃ ላይ ያሳረረው ገብስ። አጠገቡ ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ ሌላ ፍሬ። ሲናር! ጮህኩና የቤተ ሙከራው ጥበቃ ሮጦ መጣ።

«ከየት ታውቂያለሽ የዱር ይሁን የቤት?» ብለው በሀይደር ለጠየቁኝ፣ ከፍሬው እግር ነው የሚታወቀው፤ ከእናቱ ጋር ከተያያዘበት ጫፍ። በራሱ ጊዜ የረገፈ ከሆነ እግሩ ለስላሳና ክብ ነው። ሰው ወቅቶ ያላቀቀው ከሆነ ግን የተቀደደ ይመስላል። ትናንት ያገኘሁት እግሩ ተቃጥሎ አይለይም። ግን አመዱ ገና ብዙ ነው።

ደግሞ «የመጀመሪያው ገበሬ ማን እንደሆነ ቢታወቅ ምን ይፈይዳል?» ብለውኛል። አዳዳ፣ ሲያስተምሩን አንድ ብልህ ሰው ድንገት ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሬ እዘራለሁ» ያለ ያህል ነው የነገሩን። እኔ ይህን ማመን አቃተኝ። ማንም የማያውቀውን ነገር ሰው እንዴት አስቦ ይጀምረዋል? ወይስ ሳያስበው ነው እጁ ውስጥ የገባው? እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የጥናቴ አማካሪ ዶክተር አስመረት ጠርተውኝ ነበር። «የሦስተኛው ዓመት ሲናር ታጭዶ ካልታየ ጥናቱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በታኅሣሥ ካላመጣሽ ቦታሽን ለሌላ ተማሪ እሰጣለሁ» አሉኝ። በቁጣ አይደለም፤ ግን ይሰጣሉ። እዚህ ባሌ እንደገና ልጀምር ብል ሲናር የሌለበት መሬት የለም፤ የእኔ ዘር ከየትኛው ጋር እንደተዳቀለ አላውቅም። የእርስዎ ጓሮ ግን ዙሪያዋን ሲሚንቶ ነው፤ ከተማው ለሦስት ዓመት አጥር ሆኖልኛል። ስለዚህ ያለኝ ያ ብቻ ነው። እባክዎ ማንም ጓሮው እንዳይገባ። ሲመለሱ ክሮቹን በዓይንዎ አይተው ይጻፉልኝ።

ፌናን

*

አያት፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፌናን፤

ከሰንዳፋ በሰላም ተመለስኩ። ታማሚዋ ተሽሏት በእግሯ ሸኝታኛለች። እንዴት ከርመሽ ይሆን? ምግብ ትበያለሽ? ሀይደር «ከስታለች» ብሎኛል፤ እሱ ደግሞ ሰው ሁሉ የከሳ ይመስለዋል። ዶክተርሽስ እንዴት ናቸው? እግዜር ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ጥበቃውንም እንዲሁ።

ዝናቡ ዘንድሮ በርትቷል። ከአያት እስከ መገናኛ ውሃው መንገዱን ሞልቶት ታክሲዎቹ እየዋኙ ነው የሚሄዱት። ሐሚዳ ሱቅ ውስጥ አዲስ መደርደሪያ አሠርታለች፣ አምሮባታል። የላይኛው ፎቅ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ መስኮት ሰበሩ። ፍልሰታንም በሰላም ፈታን።

ገብሱ አምሯል። እንዲህ ያለ ገብስ ከአባቴ ዘመን ወዲህ አላየሁም። በጣም ንጹሕ ነው። አቋቋሙ፣ ልምላሜው፣ ሁሉ ነገሩ ደስ ይላል።

ሌላ ምን ልንገርሽ? አዲስ ነገር የለም። ሹራብሽን ደርቢ።

አክስትሽ ሸዋዬ

*

ሮቤ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዳዳ፤

ሰላምታዎ ደርሶኛል፤ ጥበቃውም አመስግኗል። ነገር ግን እኔ ስለ ገብሱ አልጠየቅሁም። ስለ ሲናሩ ነው የጠየቅሁት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በደብዳቤዎ ውስጥ መደርደሪያ አለ፣ መስኮት አለ፣ ኳስም አለ፤ ሲናር የሚል ቃል ግን የለም። «በጣም ንጹሕ ነው» ሲሉስ ምን ማለትዎ ነው?

ምን እንደሆነ ይንገሩኝ። አልደነግጥም።

ፌናን

*

አያት፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፌናን ልጄ፤

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ያለፈውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ አራተኛውን ነው የላክሁልሽ፤ እሱም ዋጋ አልነበረውም። ይቅር በይኝ።

ሰንዳፋ በሄድኩ በሳምንቱ ጋሽ ምልኬሳ ሰፈሩን ሰብስበው «ሸዋዬ ጉልበቷን ታማለች፣ ማሳዋን አረም ሊበላባት ነው» አሉ። ደቦ ጠሩ! ስንት ዓመት በዚህ ሰፈር ደቦ የሚባል ነገር ጠፍቶ፣ ያውም ለእኔ ለብቻዬ ተጠራ። ከኮንዶሚኒየሙ ወረዱ፤ ድሮ ከእኛ ጋር ያርሱ የነበሩት ሁሉ፣ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው መንገድ የሚቆጥሩት። ሐሚዳ በሩን ከፈተችላቸው፤ ለበጎ ነው የመጡት፣ ምን ብላ ትከልክል? እንዲያውም በትልቁ ማንቆርቆሪያ ሻይ አፍልታ አመጣችላቸው። ጾም ነበርና ሽምብራ ቆርጥመው፣ ዘፍነው፣ ተንበርክከው አረሙ። ኦቦ ጉቱን ታውቂያቸው የለ? በከዘራ የሚሄዱት? እሳቸውም ተንበርክከው ነበር አሉ።

ገብስና ሲናር በዚያ ዕድሜያቸው እንደሚመሳሰሉ ታውቂያለሽ። ዓይናቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ግን አልተቸገሩም፤ ክርሽ ነበረላቸው። ጋሽ ምልኬሳ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅቷ የሚነቀለውን ምልክት አድርጋ ሄዳለች እኮ! በዚህ ሰፈር ቀይ ምልክት አርፎበት የቆመ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ላይ ቀይ ቀለም አረፈ፣ ፈረሰ። የወንድማቸው ቤት ላይ አረፈ፣ ፈረሰ። የእኔ አጥር ላይ አርፏል። አንቺ ደግሞ ቀይ ክር አሰርሽ። ክር ያለበትን እየመረጡ አንድም ሳያስቀሩ ነቅለው ለሐሚዳ በጎች ሰጧቸው። በጎቹ በልተውታል፤ የሚላክልሽ ነገር የለም።

እኔ ስመለስ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር። ፊታቸው ሁሉ ፈክቶ! ጋሽ ምልኬሳ ጭቃ የነካ እጃቸውን አሳዩኝ። ፌናን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። አመሰገንኳቸው። ሳይሄዱ አላለቀስኩም፤ ከሄዱ በኋላ ግን በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አሁን ምን ላድርግ?

ሸዋዬ

*

ሮቤ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዳዳ፤

እንኳን አደረሰዎ። ደብዳቤው የደረሰኝ በዋዜማው ነው፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። አልደነግጥም ብዬ ነበር፤ ዋሽቻለሁ። ሁለት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም።

ጋሽ ምልኬሳን የተቀየምኳቸው ይመስልዎት ይሆናል። አልተቀየምኳቸውም። በመጀመሪያው ቀን ተናድጄ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ግን ኦቦ ጉቱ ከዘራቸውን አስቀምጠው ሲንበረከኩ ታየኝና ቁጣዬ ሄደ። እርስዎም ይቅርታ አይጠይቁኝ። ቀይ ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ። እዚያው ሰፈር ተወልጄ፣ አጥራችን ላይ ያለውን ቀለም እያየሁ፣ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም።

ለዶክተር አስመረት ገና አልነገርኳቸውም። የመስቀል ዕረፍት ሲያልቅ እነግራቸዋለሁ። አንድ ባልደረባዬ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ሥራ አለ ብላኛለች፤ ምናልባት እሱን እይዛለሁ። አመዱን ማጠብ አቁሜያለሁ።

ገብሱን በደስታ ይብሉት። ከልቤ ነው።

ፌናን

*

አያት፣ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፌናን! ፌናን! ለዶክተርሽ ነግረሻቸው እንደሆነ ተመልሰሽ ሂጂ! ካልነገርሻቸው አፍሽን ዝጊ!

ሰላምታውን ኋላ እሰጥሻለሁ። ገብሱ ከጳጉሜን ማግሥት ጀምሮ አሽቷል። ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አጥሩ ላይ ቆሜ እያየሁት ነበር። የገብስ ራስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፣ ጢሙም ወደ ላይ። ከመሃሉ ግን አንድ የተንጠለጠለ፣ የሚወዛወዝ ነገር አየሁ። ዓይኔን ጠረግሁ። ጠጋ አልኩ። አንድ አይደለም! እዚህም አለ፣ እዚያም አለ፣ ማሳው ሙሉ! ሲናር ነው! ጫማ ሳላደርግ ገባሁ፣ ጉልበቴ እንዳለ ረሳሁት። ክር የሚባል ነገር አንዱም ላይ የለም። ሐሚዳን ጠራኋት፣ እሷ ጋሽ ምልኬሳን ጠራች። እሳቸው ደርቀው ቀሩ። «ይህን ሁሉ ማን ደበቀብን? በአጠገቡ በጉልበቴ ሄጄበታለሁ እኮ፣ ገብስ ነበር!» አሉ። ሊነቅሉት እጃቸውን ሲሰዱ መታኋቸው። አዎ፣ እጃቸውን መታኋቸው፣ ያን የሚያህሉ ሰውዬ።

አንቺ ነሽ ያላሰርሻቸው? ረስተሻቸው ነው ወይስ ዘግይተው በቀሉ? አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። የቀሩትን ምን ላድርግ? ጋሽ ምልኬሳ አጥሩ ላይ ዘብ ቆመዋል፤ አሁን ደግሞ ወፍ እንኳ አያስቀርቡም። ሀይደር አውቶብሱን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው፣ ጥሩምባውን እየነፋ። ቶሎ መልሺ!

ሸዋዬ

*

ሮቤ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዳዳዬ፤

ሀይደር ነገ ጠዋት ሳይነሣ ይህን ልስጠው ብዬ ቆሜ ነው የምጽፈው። ለዶክተር አስመረት አልነገርኳቸውም ነበር! ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልነግራቸው በራቸውን ላንኳኳ ስል ነው።

ረስተሽ ነው ወይ አሉኝ። አልረሳሁም፤ ዘግይተውም አልበቀሉም፣ የላኩልኝን አይቼዋለሁ፣ ከገብሱ እኩል ነው የበቀለው። አላየኋቸውም! ልንገርዎት። ገብስ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አገዳውን የሚያቅፉ ሁለት ትናንሽ እጆች አሉት፤ ሲናር የለውም። መለየት ያለብኝ በዚያ ነበር። ክሩን ባሰርኩበት ቀን ግን ዝናቡ ጀርባዬ ላይ ይወርድ ነበር፣ ወገቤ ተቆርጧል፣ እያንዳንዱን ገልጦ ማየት ትቼ በቅጠሉ መልክና በአቋቋሙ መለየት ጀመርኩ። ጠቆር ያለውን፣ ተንዘርፍፎ የተኛውን «ይህ ሲናር ነው» ብዬ አሰርኩ። ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ ፈካ ያለውን «ገብስ ነው» ብዬ አለፍኩት።

አዳዳ፣ አረም የሚያርም ሰው የሚያደርገው ይህንኑ አይደለም? በየትኛውም ዘመን፣ ወገቡን እያመመው፣ ዝናብ እየመታው! ሲናር የሚመስለው ይነቀላል። ገብስ የሚመስለው ይተርፋል። የተረፈው ይዘራል፣ ልጆቹም ገብስ ይመስላሉ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከመካከላቸው ይበልጥ ገብስ የሚመስለው ይተርፋል። እንዲህ እያለ ከገብሱ ጋር ይቆማል፣ ከገብሱ ጋር ይደርሳል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል። ማንም አልመረጠውም። እንዲያውም ሊያጠፉት ነበር የሚታገሉት! እየነቀሉ ነው እህል ያደረጉት!

እኔ ጥናቴ ተበላሸ ብዬ አልቅሼ ነበር። ጥናቴ የተበላሸው እስከ ሐምሌ ድረስ ነበር፤ አላረምነውም ነበርና። የትኛው ጥንታዊ ገበሬ ነው ለሲናር ክር እያሰረ የሚንከባከበው? ጋሽ ምልኬሳና ደቦው ናቸው ሙከራውን ሙሉ ያደረጉልኝ። የጎደለው እጅ የእነሱ ነበር። እጃቸውን ስለመቱ ግን ይቅርታ ይጠይቁልኝ!

አሁን ምንም ነገር አይንኩ። ለአጨዳው እኔው ራሴ እመጣለሁ። ወፉን ለጋሽ ምልኬሳ ትቼላቸዋለሁ።

በደስታ ያበደችው ፌናን

*

ሮቤ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዳዳ፤

በሰላም ገባሁ። ያስያዙኝን ቆሎ ሻሸመኔ ሳንደርስ ጨረስነው፤ ሀይደር እየነዳ የበላው ይበልጣል።

ዶክተር አስመረት ምን አሉ ብለው ሦስት ጊዜ በሀይደር ልከውብኛል፣ እነሆ። መጀመሪያ ክሩን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ደቦውን ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ያዙ። ከዚያ ሐሚዳ ነጠላ ዘርግታ፣ እርስዎ የሲናሩን ራስ ወዘወዝ ሲያደርጉ፣ የረገፈውን በአንድ ወገን፣ ያልረገፈውን በሌላ ወገን የለየነውን አወጣሁላቸው። አብዛኛው ረግፏል፣ እውነት ነው። ያ የያዘው ጥቂቱ ግን! አንዱን ራስ በጣታቸው ጎተቱት፣ አለቅም አለ። ደግመው ጎተቱት። «ማሳውን ማን ነው ያረመው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፣ በክር» አልኳቸው። ሳቁ፤ እሳቸው ስቀው አያውቁም!

ከዚያ ወደ አመዱ ሄድን። አሁን እያጠብኩ ያለሁት የላይኛውን ንብርብር ነው። ከታች ሲናሩ ጥቂት ነበር፣ እግሩ የሚታየውም ለስላሳ ነው። ወደ ላይ ሲመጣ ከገብሱ መሃል ይበዛል፣ እግሩም የተቀደደ እየሆነ ይመጣል። ዶክተር «ይህ መልስ አይደለም፣ ጥሩ ጥያቄ ነው እንጂ» ብለውኛል። ትክክል ናቸው። እኔ ግን በዚያ አመድ ውስጥ ጋሽ ምልኬሳ ይታዩኛል።

ስለ ቦታዬ፣ አልነጠቁኝም። አንድ ዓመት ጨምረውልኛል፤ ግማሹን እያረምን፣ ግማሹን ሳናርም እንድንደግመው። ነገር ግን እስከ ሰኔ ሲሚንቶ የከበበው መሬት ማግኘት አለብኝ፣ ካልሆነ ያው ነው። የእኛ ጓሮ ዛሬ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አልጠይቅዎትም። የማፍረሻው ማሽን ሲገባ ብቻዎን አለመሆንዎን ሀይደር ነግሮኛል። ጋሽ ምልኬሳ ወንበር አምጥተውልዎት አብረው ተቀምጠው አያችሁ አሉ። እኔ አለመኖሬ እያንገበገበኝ ነው።

ከያዘው ሲናር ለጥናቱ የሚበቃውን ወስጃለሁ። በትንሿ ብልቃጥ የተረፈውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። የአባትዎ ማሳ የመጨረሻ ዘር ነውና እንዲያስታውሱበት ብዬ ነው።

ፌናን

*

አያት፣ ሰኔ 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለፌናን፤

እንደምነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ዘንድሮ ሳያኮርፍ ቀርቷል። የኮንዶሚኒየሙን ሁለተኛ ፎቅ ለምጃለሁ፤ ከመስኮቴ መንገዱ ይታየኛል፣ ሰፊ ነው፣ ጥቁር ነው፣ መኪናው አያልቅም። አንዳንዴ የቱ ላይ እንደነበረ ልገምት እሞክርና እተወዋለሁ።

«መሬት አለ ያሉት ለማጽናናት ነው ወይ?» ብለሽኛል። አይደለም። እኛ ሕንፃ ጀርባ፣ ከውሃው ታንከርና ከመኪና ማቆሚያው መሃል ባዶ መሬት አለ፤ ዙሪያውን ሲሚንቶ ነው፣ አንቺ እንዳልሽው። ጋሽ ምልኬሳ የነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ቆመው ተናገሩልሽ። «የተማረች ልጃችንን አረም ነቅለን ልናስባርራት ነበር፤ ዕዳ አለብን» አሉ። አንድ ሰውዬ መኪናዬን የት ላቆም ነው ብሎ ሲያንገራግር ኦቦ ጉቱ ከዘራቸውን አንሥተው አሳዩት። ተፈቀደ። አንቺ የላክሽውን ዘር እንዳልሽው ለሁለት ከፍለን፣ ከገብስ ጋር ቀላቅለን፣ ትናንት በደቦ ዘራነው። ክር አትግዢ። የትኛው ወገን እንደሚታረም ሁሉም ያውቃል፤ ሐሚዳ በኖራ መስመር አሥምራበታለች፣ በነጭ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልንገርሽ ነው፣ አትስቂ።

ብልቃጧን መስኮቴ ላይ አስቀምጬ ክረምቱ እስኪገባ ሳያት ነበር የቆየሁት። ትናንት ሁሉ ዘርቶ ሲጨርስ በማሳው ጫፍ፣ የቧንቧው ሥር፣ አንዲት መደብ የምታህል ተረፈች። ብልቃጧን አወረድኳት። ጋሽ ምልኬሳ አዩኝና «ገብሱስ?» አሉኝ። «ገብስ የለም፤ ሲናር ብቻ ነው» አልኳቸው። «ለልጅቷ ጥናት ነው?» አሉኝ። «አይደለም፤ እኔ ልበላው ነው» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ወደ ብልቃጧ ዞረ። ሰባ ዓመት ሲነቅሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ፌናን። ጋሽ ምልኬሳ ወዲያ ወዲህ ዞረው አዩ፣ አባታቸው ከመቃብር ተነሥተው የሚያዩዋቸው ይመስል። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ጥቂት አፈሰስኩላቸው። ለእኔም እጄ ላይ አደረግሁ።

የመጀመሪያው ገበሬ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል ብለሽኝ ነበር። ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ምን እንዳደረገ ግን አሁን አውቄዋለሁ። ሊያጠፋው ሲታገል የኖረውን ዘር እጁ ላይ አድርጎ አየው፣ ሰው ያየው እንደሆነ ብሎ ዙሪያውን ቃኘ፣ አፈረ፣ ሳቀ፣ በተነው። እኛም ያደረግነው እሱኑ ነው።

ማታውን ዘነበበት።

አክስትሽ ሸዋዬ